የማይፋቅ ቀለም፣ የማይቆም ፈረስ፦ የባሮክ ዘመን የቀለም ንድፎች ዳሰሳ

ፈረስ ለሠዓሊ አይቆምም። ቢያስሩትም ጆሮውን ያዞራል፣ በሰኮናው መሬት ይጭራል፣ ክብደቱን ከአንዱ የኋላ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳው ይርገፈገፋል። ቀለምም በበኩሉ ምሕረት የለውም። የጠመኔ ጭረት በለስላሳ የዳቦ ፍርፋሪ ታሽቶ ይጠፋል፤ በላባ ብዕር ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ግን አንዴ ካረፈ አረፈ ነው። በባሮክ ዘመን፣ በግምት ከ1600 እስከ 1750 ባለው ጊዜ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከፍሎረንስ እስከ አንትወርፕ፣ ከሮም እስከ አምስተርዳም የነበሩ ሠዓልያን እነዚህን ሁለት አስቸጋሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ አገናኝተዋል።

ታዲያ ፈረሱን ከየት አመጡት? ከጋጣ? ከነሐስ ሐውልት? ከሌላ ሠዓሊ ሥራ? ወይስ ከራሳቸው ጭንቅላት? ስለ ሩበንስ የሚጽፈው ስለ ሩበንስ ብቻ፣ ስለ ካሎ የሚጽፈው ስለ ካሎ ብቻ ስለሚጽፍ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ይቀራል። ሥራዎቹን ጎን ለጎን ላያቸው ሰው ግን መልሱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፦ የባሮክ የቀለም ፈረስ በአብዛኛው በቃል የተያዘ ፈረስ ነው። የድጓ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ፣ በመጨረሻ ያለ መጽሐፍ እንደሚያዜም ሁሉ፣ እነዚህም ሠዓልያን ፈረስን ከቀደማቸው ሰው እጅ ተቀብለው፣ እጃቸው እስኪለምደው ቀድተው፣ ከዚያ በኋላ ብዕሩን ብዙም ሳያነሡ ያወጡታል። ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ፈረሶቹ ዛሬ የምናየውን መልክ የያዙት በእሱ ጠባይ ነውና። በዘመኑ በስፋት ይሠራበት የነበረው ቀለም ከሦስት ነገሮች ይዘጋጅ ነበር፦ ጥቃቅን ተርብ መሰል ነፍሳት በኦክ ዛፍ ላይ እንቁላላቸውን ሲጥሉ ከሚያብጠው ጠንካራ እባጭ፣ ከብረት ጨውና ከግራር ሙጫ። ሲጻፍበት ገርጣ ያለ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ዘመን ሲያልፍበት ወደ ቡናማ ይዞራል። ስለዚህ በሙዚየም መግለጫ ላይ «ቡናማ ቀለም» የሚል ጽሑፍ ስናይ፣ ሠዓሊው ራሱ ያየው ጥቁር ፈረስ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባል። ቀለሙ አሲድነት አለው፤ ወረቀቱን ይበላል። ጥላው በወፈረበት ቦታ፣ በተለይ ከሆድ ሥርና በጭኖች መካከል፣ ወረቀቱ ተሰነጣጥቆ የተበሳባቸው ንድፎች አሉ። ከዚህ ሌላ ቢስተር የሚባል፣ ከእንጨት ጥላሸት የሚወጣ ቡናማ ቀለም ነበር። በውሃ ቀጥኖ በብሩሽ ሲቀባ ለስላሳ ጥላ ስለሚሰጥ የእንስሳውን ጎንና ሽንጥ ለማክበብ ይመቻል። የኛ የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ስለሆነ ብራናውን አይበላም፤ ጥቁረቱንም መቶ ዓመታት ይዞ ይዘልቃል። የአውሮፓው ቀለም እንዲህ ያለ ዕድሜ የለውም፤ ዛሬ እነዚህ ወረቀቶች ለጥቂት ወራት ብቻ ለሕዝብ ታይተው ተመልሰው ጨለማ ሣጥን ውስጥ የሚገቡትም ለዚህ ነው።

ብዕሩ የዝይ ላባ ነው። ጫን ሲሉት ጫፉ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል፤ ቀለል ሲያደርጉት ይቀጥናል። ለፈረስ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። የፈረስ አንገት፣ ጀርባና ዳሌ ተከታትለው የሚመጡ ረጃጅም ቅስቶች ናቸው፤ አንዱ አብጦ ሌላው ይከሳል። የሠለጠነ እጅ ያንን እብጠትና መክሳት በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል።

የዘር ሐረጉን ከፍሎረንስ መጀመር ይሻላል። ስትራዳኑስ በሚል የላቲን ስሙ የሚታወቀው ያን ቫን ደር ስትራት (1523–1605) ከብሩዥ መጥቶ በሜዲቺዎች ቤት የሠራ ሰው ነው። በ1570ዎቹ መጨረሻ ገደማ የዶን ሁዋን ዘኦስትሪያን ጋጣ የሚያሳዩ ተከታታይ ንድፎች አዘጋጀ፤ በመዳብ ላይ ተቀርጸውም ታተሙ። ፈረሶቹ በየትውልድ አገራቸው ተለይተው ይቀርባሉ፤ የስጳኙ፣ የናፖሊው፣ የቱርኩ እያለ ይቀጥላል። ደቀ መዝሙሩ አንቶኒዮ ቴምፔስታ (1555–1630) ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ በ1590 የራሱን የፈረስ ተከታታይ ሕትመት አወጣ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ትውልድ ያህል ፈረስ መንደፍ የሚማር ሰው ከቴምፔስታ ይጀምር ነበር። የእሱን ፈረስ አንዴ ያየ አይስተውም፦ ራሱ ትንሽ፣ አንገቱ ወፍራምና የተቀሰተ፣ ዳሌው ክብ፣ ጋማው እንደ ልብ የተለቀቀ። እንዲህ ያለ ፈረስ በየትኛውም ጋጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ከዚህ የበለጠ የሚታወቅ አልነበረም።

ቴምፔስታ ለእኛም ፍጹም ባዕድ አይደለም። ካርዲናል ፌርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ ሮም ላይ ያቋቋሙት የምሥራቅ ቋንቋዎች ማተሚያ ቤት በ1590 እና በ1591 ያሳተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች የእሱ ንድፎች ናቸው። የዚህ መጽሐፍ ሥዕሎች ኢትዮጵያ ደርሰው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ዘመን የተዘጋጁ አንዳንድ የብራና ወንጌሎች አሣሣላቸውን ከእነሱ ቀድተዋል። የኛ ሠዓልያን የፍሎረንሱን ሰው የጥላ ጭረት ትተው፣ የሰዎቹን አቋምና የትዕይንቱን አደረጃጀት ይዘው፣ ነገሩን በጠራ መስመርና በደማቅ ቀለም ወደ ራሳቸው ወግ መልሰውታል። ይህን ስል የቅዱስ ጊዮርጊስን አምባላይ ፈረስ ቴምፔስታ ሰጠን ማለቴ አይደለም፤ ከወንጌሉ መጽሐፍ እንጂ ከፈረሶቹ ሕትመት አልቀዳንም፣ የፈረሰኛ ቅዱሳን ሥዕላችን ደግሞ ከእሱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በአንድ መቶ ዘመን ውስጥ የአንድ ሰው ንድፍ በሎሬን ተወላጅ እጅም በጎንደር ሠዓሊ እጅም ተቀድቷል። መቅዳትን የፈጠራ ድክመት አድርጎ የሚያየው የኋላ ዘመን ዐይን ሁለቱንም ወገን አይረዳም።

የሎሬኑ ሰው ዣክ ካሎ (1592–1635) ነው። ከ1612 እስከ 1621 በፍሎረንስ ሲኖር የቴምፔስታን ፈረሶች በላባ ብዕር እየደጋገመ ቀድቷቸዋል፤ ብዙዎቹ ወረቀቶች እስከ ዛሬ አሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ትምህርት ቤት ናቸው። መስመሩ ከጆሮው ሥር ቀጥኖ ይነሣል፤ የአንገቱ ቅስት ላይ ሲደርስ ይወፍራል፤ ወደ ጀርባው ሲወርድ እንደገና ይቀጥናል። ከዳሌው ላይ ሌላ መስመር ይነሣና እስከ ኋላ ጉልበቱ ይወርዳል። ጥላ እምብዛም የለም፤ የእንስሳውን ክብደት የሚሸከመው የመስመሩ ውፍረት ነው። ቴምፔስታ በመዳብ ላይ በብዙ ጭረት የተናገረውን ካሎ በጥቂት መስመር ጨረሰው። የቀዳው ሰው ከተቀዳው በልጦ የተገኘበት ግልጽ ቦታ ይህ ነው። ኋላም መዳብ ላይ ሲሠራ ይህንኑ የሚያብጥና የሚከሳ መስመር ለማውጣት ኤሾፕ የተባለች፣ ጫፏ በሰያፍ የተቆረጠ መርፌ ይጠቀም ነበር። በ1633 ባወጣው የጦርነት መከራ ተከታታይ ሥራው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፈረሶች፣ አንዳንዶቹ ከጥፍር የማይበልጡ፣ እንዲያ ሕያው የሆኑት እጁ ትልቁን ፈረስ አስቀድሞ ስለጨረሰው ነው።

ሩበንስ (1577–1640) ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል። በ1600 ጣሊያን ገብቶ በማንቱዋው መስፍን በቪንቼንዞ ጎንዛጋ ቤት ተቀጠረ። የጎንዛጋዎች የፈረስ ርቢ በመላ አውሮፓ ስመ ጥር ነበር፤ በማንቱዋ ፓላዞ ቴ ደግሞ በሠዓሊው በጁሊዮ ሮማኖ ዘመን የተሣለ፣ የመስፍኑ ቤተሰብ ምርጥ ፈረሶች በቁመናቸው ልክ የቆሙበት አዳራሽ አለ። ስለዚህ ሩበንስ ሕያዉንም የተሣለውንም ፈረስ አጠገቡ ነበረው። እንዲያም ሆኖ ትልቁን ትምህርት የወሰደው በዐይኑ ካላየው ሥራ ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1500ዎቹ መጀመሪያ በፍሎረንስ ፓላዞ ቬክዮ ግድግዳ ላይ የጀመረው «የአንጊያሪ ጦርነት» ሩበንስ ከመወለዱ በፊት ከዕይታ ጠፍቷል። የቀረው ቅጂዎች ብቻ ነበሩ። ሩበንስ አንድ ስሙ ያልታወቀ ጣሊያናዊ የሠራውን ቅጂ አገኘና በላዩ ላይ በብዕር፣ በቀለምና በነጭ ሠራበት፤ ዳርዳሩንም አሰፋው። ወረቀቱ ዛሬ ሉቭር ይገኛል። አራት ፈረሰኞች ለአንድ ሰንደቅ ይተናነቃሉ፤ ፈረሶቹም ከጌቶቻቸው ባልተናነሰ ቁጣ ይዋጋሉ፣ ይናከሳሉ፣ የፊት እግሮቻቸው ተጠላልፈዋል። ሥራው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሥሩ የሊዮናርዶ ሐሳብ፣ በላዩ የሌላ ሰው እጅ፣ ከሁሉም በላይ የሩበንስ ብዕር አለ። በእኔ ግምት ስለ ባሮክ ፈረስ አንድ ወረቀት ብቻ አሳዩ ብንባል መምረጥ ያለብን ይህን ነው። የፈረሱ የተገለጠ ድድ፣ የፈጠጠ ዐይን፣ የተወጠረ የአንገት ሥር ሁሉ ከመጽሐፍ የተገኘ አይመስልም፤ ሆኖም ሁሉም ከወረቀት የመጣ ነው። በኋላ በአንበሳና በጉማሬ አደን ሥዕሎቹ የምናያቸው የተደናገጡ ፈረሶች መነሻም እዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ወረቀት እንዲሁ ሉቭር ያለው፣ ለሌርማ መስፍን ሥዕል የተሠራው ንድፍ ነው። በ1603 ጎንዛጋ ሩበንስን ለስጳኝ ቤተ መንግሥት ስጦታ አስይዞ ላከው፤ ከስጦታዎቹ መካከል ሠረገላና ፈረሶች ነበሩበት። እዚያው ሳለ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የሌርማን መስፍን በፈረስ ላይ ሣለው፤ ሥዕሉ ማድሪድ ፕራዶ ይገኛል። ከዚያ በፊት ባለሥልጣን በፈረስ ላይ ሲሣል ብዙ ጊዜ በጎን ይቀርብ ነበር፤ ቲትያን በ1548 ካርሎስ አምስተኛን የሣለው እንዲያ ነው። ሩበንስ ፈረሱን ወደ እኛ አዞረው። ይህ በቀለም ንድፍ ላይ ከባድ ፈተና ነው፤ የእንስሳው ግንድ ከደረቱ ኋላ ይደበቃል፣ አራቱ እግሮች አንዱ ከሌላው ጋር ይደራረባሉ፣ አንዲት የተሳሳተች መስመር ፈረሱን በርሜል ታስመስለዋለች። ሩበንስ ግንዱን በመስመር ለመዘርዘር አልሞከረም። ደረቱንና ራሱን በብዕር ለይቶ፣ ኋላ ያለውን በውሃ በቀጠነ ቀለም ተወው። ዐይናችን ያልተሣለውን ይጨርሰዋል። ፈረሱ እየመጣ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ መሸሽ የሚያስመኝ አመጣጥ ነው። ኋላ ቫን ዳይክ በጄኖቫም በእንግሊዝም ፈረሰኞቹን ወደ ተመልካቹ ሲያመጣ በዚሁ በር ነው የገባው።

እዚህ ላይ የቫን ዳይክ ነገር ልብ ይባል። ፈረስን ከሕይወት ማጥናት ሲፈልግ ጠመኔ ያነሣል፤ በሉዊ አሥራ አራተኛ ቤት የሠራው አዳም ፍራንስ ቫን ደር ሜውለንም እንዲሁ። ጠመኔ ያመነታል፣ ይታረማል፣ የቆዳን ልስላሴ ይይዛል። ብዕር የሚነሣው ፈረሱ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ነው። ይህ ጥብቅ ሕግ ባይሆንም ከደንቡ የሚወጡት ጥቂት ናቸው።

የባሮክ ፈረስ ለምን ሁልጊዜ በኋላ እግሩ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ከሥነ ጥበብ ውጭ ወደ ፈረስ ትምህርት ቤት ይወስደናል። ፌደሪኮ ግሪሶኔ በ1550 ናፖሊ ላይ ስለ ግልቢያ ሥልት መጽሐፍ ካሳተመ ጀምሮ ፈረስ ማሠልጠን ለመኳንንት ልጆች እንደ ፈረንሳይኛና እንደ ጭፈራ የማይቀር ትምህርት ሆነ። በፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ ሦስተኛን ያስተማረው የአንትዋን ዴ ፕሉቪኔል መጽሐፍ በ1623 ታተመ። በትምህርቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሌቫድ የሚባለው አቋም አለ፦ ፈረሱ የኋላ እግሮቹን አጥፎ፣ ክብደቱን ሁሉ በዳሌው ተሸክሞ፣ የፊት እግሮቹን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይቆማል። ፈረሰኛው ልጓሙን በአንድ እጅ ይይዛል፤ ፊቱ ላይ ምንም ድካም አይታይም። ትርጉሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ይህን ኃይል በአንድ እጅ የሚገዛ ሰው አገርም ይገዛል ማለት ነው። ፒዬትሮ ታካ ለስጳኙ ንጉሥ ለፊልጶስ አራተኛ የሠራውና ማድሪድ የቆመው የነሐስ ሐውልት ይህንኑ አቋም በብረት ክብደት ፈተነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እኔን የሚማርከኝ የዊልያም ካቨንዲሽ ነው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ለንጉሡ ወግኖ ተሸነፈና ተሰደደ። አንትወርፕ ሲገባ የተከራየው ቤት የሩበንስ ቤት ነበር፤ ሠዓሊው ከሞተ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ካቨንዲሽ በዚያ ቤት የፈረስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያ ሁሉ የተሣለ ፈረስ የወጣበት ግቢ በእውነተኛ ፈረስ ኮቴ ተሞላ። በ1658 እዚያው አንትወርፕ በፈረንሳይኛ ያሳተመውን መጽሐፍ ንድፎች የሠራለት አብርሃም ቫን ዲፔንቤክ ደግሞ በሩበንስ ጥላ ያደገ ሠዓሊ ነበር። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ካቨንዲሽ በክንፋም ፈረስ ሰማይ ላይ ይታያል፤ ከታች ያሉት ፈረሶች በክብ ተንበርክከው ይሰግዱለታል። በሌሎቹ ላይ ባርብ ከሚባሉትና ከስጳኝ ፈረሶች ኋላ በስደት ያጣቸው የእንግሊዝ ቤቶቹ ተሥለዋል። ዲፔንቤክ ትልቅ ብዕር አልነበረውም፤ ፈረሶቹ ንጹሕና ደረቅ ናቸው። ግን አንድ ስደተኛ ያጣውን አገር በሚወዳቸው ፈረሶች ጀርባ ላይ አስሥሎ ሲያቆም ማየት ከብዙ የተዋጣ ሥራ የበለጠ ይነካል።

ወደ ጦር ሜዳ ስንወርድ ፈረሱ ስሙን ያጣል። ሳልቫቶር ሮዛ (1615–1673) የፈረሰኛ ጦርነትን በብዕር ሲሠራ የሚያሳየው የሰውና የእንስሳ ክምር ነው። በዚህ መስክ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጣሊያኖች ቦርጎኞኔ የሚሉት ዣክ ኩርቷ (1621–1676) ነው። ወጣት ሳለ በስጳኝ ሠራዊት ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ አገልግሏል፤ በ1657 የኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ፤ ከገባ በኋላም ጦርነት መንደፉን አልተወም። በወረቀቶቹ ላይ አስቀድሞ የሚታየው ጢስ ነው። በውሃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ተነሥንሶ ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ብዕሩ ይሮጣል፦ አንድ የተገለበጠ ሰኮና፣ አንድ የተቀደደ አፍንጫ፣ ኮርቻው ላይ የሌለ ሰው። ፈረስ ሙሉ ሆኖ እምብዛም አይታይም። እውነተኛ ጦር ሜዳ ላይ የነበረ ሰው ፈረስን እንደዚያ ነው የሚያየው፤ በቁርጥራጭ፣ በአቧራ ውስጥ። ጆሴፍ ፓሮሴል (1646–1704) ሮም ላይ ከእሱ ተምሮ ወደ ፈረንሳይ ወሰደው፤ ልጁ ሻርል ፓሮሴል ደግሞ በ1733 ለወጣው የላ ጌሪንዬር የፈረሰኛ ትምህርት መጽሐፍ ሥዕል ሠራ። እጅ ከእጅ መቀባበሉ እዚህም ቀጥሏል።

ስቴፋኖ ዴላ ቤላ (1610–1664) ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የዚህ ዘመን ምርጥ የቀለም ፈረስ የእሱ ነው ብዬ እከራከራለሁና። አባቱ በጃምቦሎኛ የሐውልት ስቱዲዮ የሠራ ቀራጺ ነበር፤ ከዚያው ስቱዲዮ የፍሎረንስ አደባባይ ትልቅ የነሐስ ፈረስ ወጥቷል። ልጁ ግን አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ፤ ወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ጀመረ፤ መንደፍን የተማረው የካሎን ሕትመቶች በመቅዳት ነው። በ1633 የፖላንዱ አምባሳደር ኦሶሊንስኪ ሮም ሲገባ ሰልፉን ነድፎ በስድስት ተከታታይ መዳቦች አሳተመው። ግመሎች፣ ላባ የለበሱ ፈረሰኞች፣ የወርቅ ጫማ ተመትቶላቸዋል የተባሉ ፈረሶች በረጅም መስመር ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ምሥራቃዊ ፈረስና ፈረሰኛ ከእጁ አልወጣም፤ ፓሪስ አሥር ዓመት ገደማ ከኖረ በኋላም በ1650ዎቹ መጀመሪያ የጥቁር፣ የፖላንድና የሃንጋሪ ፈረሰኞችን ተከታታይ ሕትመት አውጥቷል።

ንድፎቹ በብዛት ፍሎረንስ ኡፊዚ፣ ፓሪስ ሉቭርና የእንግሊዝ ነገሥታት ስብስብ ባለበት ዊንድዘር ይገኛሉ። የካሎ መስመር ያብጣል፣ ይቀሰታል፣ በራሱ ይኮራል፤ የዴላ ቤላ መስመር ይቆራረጣል። የሆዱ መስመር መሐል ላይ ይቆምና ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን የበላው ይመስላል። ሰኮናው መሬት ሊነካ ሲል ብዕሩ ይነሣል። ጭራው ሦስት አራት ጭረት ብቻ ነው፤ አፍንጫው አንዲት ነጠብጣብ። ጎልማሳ ድንጉላን ከሠራተኛ ፈረስ የሚለየው በጌጥ ሳይሆን በአንገቱ አጣጣልና በጆሮው አቅጣጫ ነው። ይህ ሰው ከካሎ የወረሰውን ፈረስ ይዞ ጋጣ ገብቷል፤ በቃል የያዘውን ከሚያየው ጋር አስተያይቶ፣ ትርፉን ጥሏል። ዕውቀቱ ከሁለቱም ወገን ስለመጣ ነው ፈረሱ ቀላልም እውነትም የሆነው።

በኔዘርላንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የጄራርድ ቴር ቦርኽ አባት ራሱ ሠዓሊ ነበር፤ የልጆቹን ወረቀት ሁሉ ቀን እየጻፈበት ያስቀምጥ ነበር፤ ስብስቡ አሁን አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ነው። ከጄራርድ ቀዳሚ ንድፎች አንዱ በ1625፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላው የሠራው፣ ከኋላ የሚታይ ፈረሰኛ ነው። የፈረሱ ዳሌ፣ የተንጠለጠለ ጭራ፣ የሰውየው ጀርባ፤ ሌላ የለም። ጀግናም ሰንደቅም የለበትም፤ ልጁ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚሄድ ሰው አየ። ካደገ በኋላም ያንኑ ዕይታ ወደ ቀለም ቅብ ወሰደው። በሮም የኖረው ፒተር ቫን ላርና ከእሱ ኋላ የመጣው ፓውሉስ ፖተር (1625–1654) የደከመ፣ የቆሰለ፣ ያረጀ ፈረስ ሣሉ። ፖተር በ1652 ያወጣው ባለ አምስት ሕትመት የፈረስ ተከታታይ በሚያኮራ ፈረስ ጀምሮ በከሳ አሮጌ ፈረስ ያበቃል፤ ከአጠገቡ የሞተ ፈረስ ተጋድሟል። ቤተ መንግሥቶቹ ሊያዩት ያልፈለጉት የፈረስ ዕድሜ ይህ ነው። እነዚህ ሥራዎች በሙሉ ብዕር ባይሆኑም ያለ እነሱ የዘመኑ ፈረስ ግማሽ ፊቱ ይጎድላል።

ሬምብራንት (1606–1669) የፈረስ ሰው አልነበረም። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የፍሬድሪክ ሪል የፈረሰኛ ሥዕል ላይ ፈረሱ ድርቅ ያለ ነው፤ አድናቂዎቹም ይህን አይክዱም። በብዕር ሲሠራ ግን ድክመቱ ራሱ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። በ1638 ገደማ በጡንቻማ በቅሎዎች ላይ የተቀመጡ ሁለት ጥቁር ከበሮ መቺዎችን ነድፏል፤ ወረቀቱ ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጥምቀት፣ እኛ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናውቀው ታሪክ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም፦ በ1626 በቀለም ቅብ፣ በ1641 በመዳብ ሕትመት ሠርቶታል፤ በሁለተኛው ላይ የጃንደረባው አጃቢ በፈረስ ላይ ሆኖ ከላይ ይመለከታል። በ1650ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሙጋል ህንድ የመጡ ጥቃቅን ሥዕሎችን ከእስያ በመጣ ወረቀት ላይ በቡናማ ቀለም ቀድቷል፤ ወደ ሃያ ሦስት የሚሆኑት አሉ፤ ፈረሰኛ መሳፍንት ይገኙባቸዋል። የአውሮፓን የተቀሰተ አንገትና የጎለበተ ዳሌ ትቶ የቀጠነውን የህንድ ፈረስ በትሕትና ይከተላል። ታላቅ ሠዓሊ በሃምሳ ዓመቱ እንደ ተማሪ ሲቀዳ እናያለን።

ከሁሉም የሚለየው ዳርምሽታት ያለው ወረቀት ነው፦ የፈረስ አጽም፣ በላዩ የሰው አጽም፣ በብዕርና በቡናማ ቀለም። የዚያን ዘመን የአካል ጥናት አዳራሾች እንዲህ ያሉ የተገጣጠሙ አጽሞችን ያቆሙ ስለነበር ከዚያ የተነደፈ መሆኑ ይታመናል። በኒውዮርክ ፍሪክ ካለው ፖላንዳዊ ፈረሰኛ ጋር ያዛመዱት ሊቃውንትም አሉ። ዴላ ቤላም ሞትን በከሳ ፈረስ ጦር ሜዳ ላይ ሲያስጋልበው አሳይቷል፤ የእሱ ሞት ግን ተዋናይ ነው፣ ይፎክራል። የሬምብራንት አጽም አይፎክርም። በዚህ ወረቀት ላይ ለአንድ ጊዜ ፈረሱ ቆሞለታል፤ ቆሞ የጠበቀው ግን የሞተ ፈረስ ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ጉዳይ ያመጣናል። በዘመኑ የፈረስ አካል ዕውቀት አልጠፋም፤ ካርሎ ሩይኒ የጻፈው የፈረስ አካል ጥናት በ1598 ቦሎኛ ላይ ታትሞ ነበር። ሠዓልያኑ ግን ከእሱ ይልቅ ቴምፔስታን መረጡ። በሩጫ ላይ ያለው ፈረሳቸው ሁለቱን የኋላ እግሮች መሬት ላይ ተክሎ ሁለቱን የፊት እግሮች በአንድነት ያነሣል፤ የሚጋልብ ፈረስ እንዲያ እንደማይራመድ ለዐይን ያረጋገጠው በ1878 ካሊፎርኒያ ላይ የተነሣው የማይብሪጅ ፎቶግራፍ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ስተብስ በ1750ዎቹ ፈረስ እየገነጠለ፣ ጡንቻን ከጡንቻ እየለየ አጠና፤ መጽሐፉ በ1766 ወጣ። ከዚያ በኋላ ፈረስን በቃል መያዝ በቂ አልነበረም። የስተብስ ፈረስ ትክክል ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። የሩበንስ ፈረስ ግን እየመጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚለካ ሰው አንዱን ሳያየው ያልፋል።

የድሮው መንገድ በአንድ ቀን አልተዘጋም። የስተብስ መጽሐፍ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ዶሜኒኮ ትዬፖሎ ቬኒስ ላይ በእርጅናው ብዕርና በውሃ የቀጠነ ቀለም ይዞ ተቀምጦ ፈረሰኞች ይነድፍ ነበር፤ በርካታዎቹን እንስሳት ያመጣቸው ከመቶ ዓመት በላይ ካለፋቸው የዴላ ቤላ ሕትመቶች ነው።